ቼንሶው አልነሳ ሲል የሚሠሩ ስህተቶች

ክረምቱ ወጥቶ የባሕር ዛፍ ቆረጣ ሲጀመር ሱቄ በር ላይ ቼንሶ፣ ማለትም የሞተር መጋዝ፣ ይደረደራል። አንዱ በጆንያ፣ አንዱ ባሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ። ባለቤቶቹ የተማከሩ ይመስል ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚሉኝ፦ «ካርቡሬተሩ ነው፣ ፍታልኝ።» ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ግን ብዙውን ጊዜ ምንም አላጠፋም።

«ቡፍ» ሲል አለመስማት

የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ቀዝቃዛ ሞተር በቾክ ይሳባል፤ እዚህ ድረስ ልክ ናችሁ። ሦስት አራት ጊዜ ሲሳብ «ቡፍ» ይልና ዝም ይላል። በቃ፣ ተናገረ። ቾኩን ከፍታችሁ እንደገና ሳቡ። ሰዉ ግን «ሊነሳ ነው!» ብሎ ቾኩን እንደዘጋ ሃያ ጊዜ ይጎትታል። ቾክ የሚዘጋው የአየሩን መግቢያ ነው። አየር ተዘግቶ በሳባችሁት ቁጥር የሚገባው ቤንዚን ብቻ ነው። ካንዴላው ይርሳል፤ የራሰ ካንዴላ ደግሞ እሳት አይሰጥም። ከዚያ ጉልበተኛ ይጠራል። ጉልበተኛው ገመዱን ይበጥሳል።

ካቻምና አንድ ሰውዬ ከሱሉልታ በኩል ይዞ መጣ። መዳፉ ተልጦ በጨርቅ ታስሯል። ካንዴላውን ስፈታው ቤንዚን ይንጠባጠባል። ማጥፊያውን ዘጋሁ፣ ቾኩን ከፈትኩ፣ የካንዴላው ቀዳዳ ወደ መሬት እንዲዞር ገልብጬ ስድስት ሰባቴ ሳብኩት። የተጠራቀመው ቤንዚን ተረጨ። ካንዴላውን አድርቄ መለስኩ፣ ማጥፊያውን ከፈትኩና ያለ ቾክ፣ ነዳጅ መስጫውን ተጭኜ ሳብኩ። በአራተኛው ጭሱን ለቀቀና ተነሳ። ሰውዬው ቼንሶውን አየ፣ እጁን አየ። «ትናንት ሦስት ሆነን እኮ ነው ስንስበው ያመሸነው» አለኝ። ሒሳብ ለመጠየቅ አፈርኩ። ቡና ጋበዘኝ።

ነዳጁን ሳያዩ ማመን

ሰኔ ላይ የተቀላቀለ ቤንዚን ጥቅምት ላይ ቤንዚን አይደለም። ከዘይት ጋር ከተቀላቀለ ከአንድ ወር በላይ ባታቆዩት ይሻላል። በሃይላንድ የምታቀላቅሉ ደግሞ፣ ሃይላንዱ ውስጥ የቀረችው ውሃ ብቻዋን ሥራ ታስፈታለች። ከተጠራጠራችሁ ከታንከሩ በነጭ ጠርሙስ ቅዱና ትንሽ አቆዩት። ውሃ ካለው ከሥር ይተኛል፤ በዓይን ይታያል።

መጠኑ ለአዲሶቹ ቼንሶዎች አብዛኛውን ጊዜ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ነው፤ ለ5 ሊትር 100። የመኪና ዘይት አይሆንም። ዘይቱን ጭራሽ የረሳ ሰው ማርሚታውን (የጭስ መውጫውን) ይፍታና በቀዳዳው ፒስተኑን ይመልከት። ቁልቁል ተቦጫጭሮ ካገኘው አዲስ ካንዴላ መግዛቱን ይተወው። ሳትፈቱ ማወቅ ከፈለጋችሁም መላ አለ። ማጥፊያውን ዘግታችሁ ቼንሶውን በገመዱ እጀታ አንጠልጥሉት። ጤነኛ ሞተር ያዝ ለቀቅ እያደረገ ነው የሚወርደው። ያለ ምንም መያዝ ዥው ብሎ ከወረደ ኮምፕሬሽኑ፣ የሲሊንደሩ የማመቅ ጉልበት፣ ሄዷል።

እሳት መኖሩን በዘፈቀደ መሞከር

ካንዴላውን ፈትታችሁ ቆቡን መልሱለት፣ ብረቱን ከሲሊንደሩ ጋር አስነኩና ሳቡ። ከቀዳዳው ግን አርቁት። እኔ በጀማሪነቴ እዚያው ቀዳዳው ሥር አድርጌ ሳብኩና እሳቱ ቅንድቤን በላው። የሰፈር ልጆች መሳቂያ ሆኜ ከረምኩ። የካንዴላው ክፍተት 0.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን።

እሳት ከሌለም ለካንዴላው እሳት የሚያመነጨውን ኮይል ለመግዛት አትሩጡ። መጀመሪያ ከማጥፊያው የምትመጣዋን ቀጭን ሽቦ ከኮይሉ ንቀሉና ሞክሩ። እሳቱ ከመጣ ሽቦዋ ተልጣ ብረት እየነካች ነው ማለት ነው። ይህቺን ሽቦ እስክሞት አልረሳትም። አንድ ጊዜ ሣር ላይ ቁጭ ብዬ ካርቡሬተር ስፈታ ሚጢጢዋ የመርፌው ስፕሪንግ ተስፈንጥራ ጠፋችብኝ። እስኪመሽ በጉልበቴ እየዳኽኩ ሣር ሳበጥር ዋልኩ። ጥፋቱ ለካ የሽቦዋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ካርቡሬተር የምፈታው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ትሪ ላይ።

የካርቡሬተሩን ብሎኖች መነካካት

ትናንት የሠራ ቼንሶ ሌሊት ብሎኑ ብቻውን አይዞርም። ካቻቢቴውን አስቀምጡ። የሚነካበት ጊዜ አለ፣ አልክድም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቆላ ላይ የተስተካከለ ቼንሶ እዚህ ሲመጣ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። እሱም ቢሆን የሚስተካከለው ሞተሩ ተነስቶ ከሞቀ በኋላ ነው።

ሌላው ቀላል ነው። ታንከሩ ውስጥ ያለውን ፊልትሮ በታጠፈ ሽቦ ጎትታችሁ እዩት። የአየር ፊልትሮውን አራግፉ። ማጥፊያው መከፈቱንም እዩ፤ ትስቃላችሁ፣ ግን ለዚህ ሲል ሁለት መኪና ቀይሮ የመጣ ሰው አስተናግጃለሁ።

በአንድ እጅ አየር ላይ አንጠልጥሎ ማስነሳት ደግሞ የፊልም ነው። መሬት ላይ አስቀምጡት፣ የሰንሰለቱን ፍሬን አስይዙ፣ የኋላ እጀታውን በጫማችሁ ርገጡና ሳቡ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም እምቢ ካለ አምጡት። ስትመጡ ግን ቤንዚን ያቀላቀላችሁበትን ጀሪካንም ያዙ። ሰው አፍሮ ታንከሩን አጥቦ ነው የሚያመጣልኝ። እኔ ማየት የምፈልገው ደግሞ የታጠበውን ቆሻሻ ነው።