ሃላፔኞ በጎጃም መሬት፦ መጠኑን በማዳበሪያ፣ ማቃጠሉን በውኃ

ሃላፔኞ የተባለው ቃሪያ ስሙን ያገኘው በሜክሲኮ ቬራክሩዝ ግዛት ከምትገኘው ከሃላፓ ከተማ ነው። በተፈጥሮው ማረቆ ፋና ከሚባለው የበርበሬ ዝርያ ጋር አንድ ወገን ስለሆነ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም መራዊ ላይ በርበሬ ያበቀለ ሰው ሥራውን ሀ ብሎ መጀመር የለበትም። ግን ይለያል። ፍሬው አጭርና ደንዳና ነው፤ ከ5 እስከ 9 ሳንቲሜትር ይረዝማል። በብዛት የሚለቀመው ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። ሥጋው ወፍራም ስለሆነም እንደ ዛላ በርበሬ ሰሌን ላይ አስጥተው የሚያደርቁት አይደለም።

ማቃጠሉ በስኮቪል መለኪያ ከ2,500 እስከ 8,000 ይደርሳል። መለኪያውን በ1912 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዊልበር ስኮቪል የተባለ አሜሪካዊ የመድኃኒት ባለሙያ ሲሆን፣ የቃሪያው ጭማቂ ማቃጠሉ እስኪጠፋ ድረስ ስንት ጊዜ በስኳር ውኃ መቅጠን እንዳለበት ይቆጥር ነበር። የወፍ ዓይን የሚባለው ደቃቅ ቃሪያ ከ50,000 በላይ ስለሚሄድ፣ ሚጥሚጣ የለመደ አፍ ሃላፔኞን ለዘብ ያለ ነው ቢል አይፈረድበትም። በ2,500 እና በ8,000 መካከል ያለው ርቀት ግን ሰፊ ነው፤ የእናንተ ቃሪያ የት ላይ እንደሚውል ከዘሩ ቀጥሎ የሚወስነው አያያዛችሁ ነው።

በመስኖ ለምትተክሉ ዘሩን በጥቅምት አጋማሽ መደብ ላይ አፍስሱ። በመስመሮቹ መካከል 15 ሳንቲሜትር ተዉ፤ ዘሩን ከ1 ሳንቲሜትር በላይ አትቅበሩት። አፈሩ ከ21 እስከ 29 ዲግሪ ከሞቀ በ7 እስከ 14 ቀን ይበቅላል። የኅዳር ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ማታ ማታ መደቡን በሣር ወይም በላስቲክ ሸፍኑት፣ ጠዋት ግለጡት። እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ደጋ ቦታ ብርዱ እስኪያልፍ መጠበቅ ይሻላል። ችግኙ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ሲደርስ፣ ማለትም ከ45 እስከ 55 ቀን ባለው ጊዜ ይነሣል። ሊነሣ አንድ ሳምንት ሲቀረው ውኃውን ቀንሱበት፤ እንዲህ የጠነከረ ችግኝ ሲተከል አይደነግጥም። ተከላው ፀሐይ ስትበርድ፣ ወደ ማታ ይሁን።

በመስመር መካከል 70፣ በችግኝ መካከል 30 ሳንቲሜትር ስጡ። የምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር ብዙ ቦታ አሲዳማ ስለሆነ በአፈር ምርመራ ከታዘዘ የእርሻ ኖራ ቀድማችሁ ጨምሩ። ከ6 እስከ 6.8 ያለው ፒኤች (የአፈር አሲዳማነት መለኪያ) ይስማማዋል። ለአንድ ጉድጓድ ሁለት እፍኝ የበሰበሰ ፍግና ጥቂት ያነሰ አንድ የሻይ ማንኪያ ኤንፒኤስ ማዳበሪያ፣ ችግኙ ከያዘ በኋላ ደግሞ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ ይበቃል። ዩሪያውን ከግንዱ አራቁት። ሰው እጁን የሚያበዛው እዚህ ላይ ነው። ዩሪያ ሲበዛ ተክሉ በቅጠል ይደምቃል፣ አበባው ይዘገያል፣ ፍሬውም ይቀንሳል። ቲማቲም፣ ድንች ወይም በርበሬ የነበረበት ማሳ ላይ ለሦስት ዓመት አትመለሱ፤ ከበቆሎ ወይም ከጤፍ ቀጥሎ ጥሩ ነው። ውኃ የሚተኛበት መሬት ሥሩን ስለሚያበሰብስ መደቡን 20 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጉት።

አሁን ወደ ውኃው። አበባ አውጥቶ ፍሬ እስኪይዝ ድረስ ተክሉን አታስጠሙት፤ ከተጠማ አበባው ይረግፋል፣ የቀረውም ፍሬ ይጫጫል። አንዴ አድርቆ አንዴ ማጥለቅለቅም ሌላ ጣጣ አለው፦ ካልሲየም ወደ ፍሬው በወጉ ስለማይደርስ የፍሬው ጫፍ ጠቁሮ ይሰረጉዳል። ብዙ ገበሬ ይህን በሽታ መስሎት መድኃኒት ይረጫል፤ የሚያድነው ግን የተስተካከለ ውኃ ነው። ፍሬው ሙሉ መጠኑን ከያዘ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። የሚያቃጥል ከፈለጋችሁ ከመልቀም በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ውኃውን አራርቁ። ቅጠሉ ቀትር ላይ ጠውልጎ ማታ ከተመለሰ ልኩ ነው፤ ጠዋትም ጠውልጎ ካገኛችሁት አጠጡት። ለዘብ ያለ ለምትፈልጉ ውኃውን አታጓድሉ፣ ቶሎም ልቀሙ።

ከተተከለ ከ70 እስከ 80 ቀን ባለው ጊዜ አረንጓዴው ይደርሳል። ቆዳው የሚያበራ፣ ሲጫኑት የማይረግብ ይሁን። ቆዳው ላይ ቡሽ የሚመስሉ ቡናማ ጭረቶች ካያችሁ አትጣሉት። ፍሬው ቆዳውን እየወጠረ ሲያድግ የሚመጡ ናቸው፤ የበሰለና አብዛኛውን ጊዜ ጠንከር ያለ ቃሪያ ምልክት ናቸው። በእጅ መጎተት ቅርንጫፍ ይገነጥላል፤ ከነጉቱ፣ ማለትም ከነአጭር ዘንጉ፣ በመቀስ ቁረጡ። አረንጓዴው የሣር ሽታ ያለው ትኩስ ጣዕም አለው። ተክሉ ላይ ቆይቶ የቀላው ጣፋጭነት ይጨምራል።

ማቃጠሉ ዘሩ ውስጥ ነው የሚባለው ስሕተት ነው። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚመረተው ዘሩን አቅፎ በያዘው ነጭ ሥጋ ላይ ነው፤ ዘሩ ከእሱ ጋር ስለሚነካካ ነው የሚለበልበው። ስለዚህ ለስንግ ከ7 ሳንቲሜትር የሚበልጥ፣ ቀጥ ያለ፣ ጭረት የሌለውን መርጣችሁ በጎኑ ሰንጥቁና ነጩን በማንኪያ ጠርጋችሁ አውጡ። የቃሪያውን ኃይል ለመቅመስ ከጉቱ አጠገብ ቆንጥሩ፤ ጫፉ ሁልጊዜ ለዘብ ስለሚል ያታልላል። ስትከትፉ እጃችሁን ዘይት ቀቡ፣ ስትጨርሱ በሳሙና ታጠቡ፣ ዓይናችሁን አትንኩ። አፍ ሲቃጠል ውኃ አይረዳም፤ ካፕሳይሲን በውኃ አይሟሟም። ወተት ወይም እርጎ ይዞት ይሄዳል። በጾም ከሆነ አንድ ማንኪያ ስኳር አፍ ላይ ማቆየት ይሻላል።

ለማቆየት እንደ በርበሬ ከነፍሬው ፀሐይ ላይ አታስጡት። ውስጡ ሳይደርቅ ይሻግታል፤ የሻገተውን ደግሞ መፍጨት አደገኛ ነው። ሜክሲኮዎች የቀላውን በጭስ ያደርቁታል፤ ቺፖትሌ የሚሉት እሱን ነው። ለቤት የሚቀለው ሆምጣጤ ነው፦ 10 ፍሬ በቀለበት ቁረጡ፤ አንድ ኩባያ 5 በመቶ ሆምጣጤ፣ አንድ ኩባያ ውኃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨውና አንድ ስኳር አፍልታችሁ አፍሱበት። ሲበርድ ፍሪጅ አስገቡት፤ በማግስቱ ይበላል፣ አንድ ወር ይቆያል።

ከማረቆ ፋና አጠገብ መትከል የዘንድሮውን ፍሬ ጣዕም አይለውጥም። የሚዳቀለው ዘሩ ነው፤ ለውጡ የሚታየው በሚቀጥለው ዓመት ተክል ላይ ነው። ዘር ለማስቀረት ከፈለጋችሁ ጥቂት እምቡጦችን ሳይፈነዱ በስስ ጨርቅ ሸፍኑ፣ ፍሬ ሲይዙ ክር እሰሩባቸውና እስኪቀሉ ተዉአቸው። ዲቃላ ዘር ከገዛችሁ ግን ልጁ እናቱን አይመስልም።