ወይራ ችግኛችሁ መለሎ ሲሆን፦ የብርሃን ችግርና መፍትሄ

ወይራ አፍልቶ የሚያውቅ ሰው ትዕግሥት ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ዘሩ የተቀመጠው እንደ ድንጋይ በጠነከረ ቅርፊት ውስጥ ነው፤ ጫፉ ካልተቆረጠ ወይም በጥንቃቄ ካልተሰነጠቀ ለመብቀል ወራት ይፈጃል። ይህን ሁሉ ጠብቃችሁ ያገኛችሁት ችግኝ እንደ ስንደዶ ተመዝዞ፣ ጫፉ ተንጋዶ፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሲተኛ ስታዩት ያናድዳል። እኔ መጀመሪያ የጠረጠርኩት አፈሩን ነበር። ፍግ ጨመርኩ፣ ውሃ ቀነስኩ፣ እንደገና ጨመርኩ። ጥፋቱ ግን ከላይ ነበር፤ ከሱቅ ገዝቼ በኩራት የዘረጋሁት አረንጓዴ መረብ።

ምልክቶቹን ከማየታችን በፊት አንድ ነገር እንለይ። የብርሃን ጥራት ማለት ድምቀቱ አይደለም፤ በብርሃኑ ውስጥ የትኛው ቀለም በምን ያህል መጠን አለ ማለት ነው። ቅጠል ሰማያዊውንና ቀዩን ብርሃን አጥብቆ ይወስዳል። ከቀዩ ቀጥሎ ያለውን፣ ዓይናችን እምብዛም የማያየውን ሩቅ ቀይ ግን ከፊሉን ያሳልፈዋል፣ ከፊሉን ወደ ጎን ይመልሰዋል። በገላጣ ሜዳ ላይ ቀዩ ከሩቅ ቀዩ ትንሽ ይበልጣል፤ 1.2 ለ1 አካባቢ ነው። በጥቅጥቅ ዛፍ ሥር ግን ቀዩ ከሩቅ ቀዩ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ችግኙ ይህን ልዩነት የሚያነበው ፋይቶክሮም በሚባል ፕሮቲን ነው። ሩቅ ቀይ ሲበዛበት «ከላዬ ሌላ ተክል አለ» ብሎ ይደመድማል፤ ሥሩንና ቅርንጫፉን ትቶ ያለውን ጉልበት ሁሉ ወደ ቁመት ያዞራል።

ለዘይት ከውጭ የገባ የወይራ ችግኝ ያላችሁም ብትሆኑ ነገሩ ያው ነው። የእኛ ደጋ ወይራና የሜዲትራኒያኑ የዘይት ወይራ የአንድ ዝርያ ሁለት ንዑስ ዝርያዎች ናቸው።

ግንዱ ቀጥኖ ይረዝማል፣ በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፣ ቅርንጫፍ አያወጣም

በየችግኝ ጣቢያው በብዛት የሚታየው ይሄ ነው፤ ምክንያቱ ግን ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

አንደኛው መደቡ በዛፍ ሥር መሆኑ ነው። ባሕር ዛፍም ሆነ ግራቪሊያ፣ «ጥላ ነው፣ ይጠቅመዋል» ተብሎ ሥሩ ይደረደራል። ከሳር ዳስ የሚገኘው ጥላና ከለምለም ቅጠል የሚገኘው ጥላ ግን አይመሳሰሉም። በደረቅ ሳር ዳስ ቀዳዳ የሚወርደው ብርሃን ቢቀንስም ቀለሙ ብዙም አልተነካም። በቅጠል የተጣራው ግን ቀዩ ተበልቶ ያለቀ ብርሃን ነው። ሁለቱም ቦታ ላይ ቆማችሁ ስታዩ ጥላው እኩል ሊመስላችሁ ይችላል፤ ችግኙ ግን አይሸወድም።

ሁለተኛው መጠጋጋት ነው፤ ብዙ ሰው የማይጠረጥረውም ይሄንኑ ነው። የፕላስቲክ ከረጢቶቹ ተጠጋግተው ሲደረደሩ ከጎረቤት ቅጠል የሚንጸባረቀው ሩቅ ቀይ የችግኙን ግንድ ይመታዋል። የሚገርመው፣ ችግኞቹ ገና እርስ በርስ ጥላ ሳይጣጣሉ፣ ፀሐዩም ለሁሉም እየደረሰ ሳለ ሽቅድምድሙ ይጀመራል። ለዚህ ነው በመደቡ መሃል ያሉት ረዝመው ቀጥነው፣ ጠርዝ ላይ ያሉት አጠር ብለው ደንድነው የምታገኟቸው። መደባችሁን በጎን ጎንበስ ብላችሁ እዩት፤ መሃሉ እንደ ጣሪያ ጉልላት ከፍ ካለ ምክንያቱን አገኛችሁት።

ሦስተኛው አረንጓዴ መሸፈኛ ነው። አረንጓዴ መረብና አረንጓዴው ብርሃን አስተላላፊ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ለዓይን ደስ ይላሉ፤ አረንጓዴ የሆኑት ግን ቀዩንና ሰማያዊውን ስለሚያስቀሩ ነው። ቆርቆሮው ከመረቡ ይብሳል፤ መረቡ ቢያንስ በቀዳዳው ንጹሕ ብርሃን ያስገባል። ጥቁር መረብ ሁሉንም ቀለም በተቀራራቢ መጠን ስለሚቀንስ ለወይራ የተሻለ ነው።

ጥፋቱ በእርግጥ ከብርሃኑ ጥራት መሆኑን ለማረጋገጥ በስልካችሁ የብርሃን መለኪያ አትድከሙ። ስልኩ የሚለካው የሰው ዓይን የሚያየውን ድምቀት ስለሆነ ሩቅ ቀዩን አይቆጥረውም፤ የዛፉን ጥላና የሳሩን ዳስ እኩል ብሎ ሊነግራችሁ ይችላል። እኩያ የሆኑ 10 ችግኞች ውሰዱ፤ 5ቱን አሁን ባሉበት ተዉ፣ 5ቱን አራርቃችሁ ከሳር ዳስ ሥር አስቀምጡ፣ ውሃውን እኩል ስጡ። ከሁለት ወር በኋላ ከላይ ያሉትን አዲስ አንጓዎች በክር ለኩ። ዳስ ሥር ያሉት ካጠሩ ጥርጣሬያችሁ ትክክል ነበር።

መፍትሄው ራሱ ቀላል ነው። ከዛፉ ሥር አውጧቸው፤ አረንጓዴውን በጥቁር መረብ ወይም በሳር ተኩት፤ ከረጢቶቹን አንድ ረድፍ እየዘለላችሁ ደርድሩ። ቦታ የለኝም የሚል ሰው ቁጥሩን ይቀንስ እላለሁ፤ 500 ደንዳና ችግኝ ከ1,000 መለሎ ይሻላል። ቀድሞ የተመዘዘው ክፍል አያጥርም። ከታች አራት አምስት ጥንድ ቅጠል አስቀርታችሁ ጫፉን ብትቆርጡት ግን በጥሩ ብርሃን ውስጥ ከየቅጠሉ ብብት ቅርንጫፍ ያወጣል። ወይራ መቆረጥን ይችላል።

ማሳሰቢያ፦ አንጓው አጭር ሆኖ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ከሆነ ብርሃኑን ተዉትና ከረጢቱን ቀድዳችሁ ሥሩን እዩ። ጥላ ሥር ውሃ ቶሎ ስለማይደርቅ ሥሩ ታፍኖ ይሆናል።

ችግኙ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል

ይሄ የሰማያዊው ብርሃን ሥራ ነው፤ ጫፉ ሰማያዊው በርትቶ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ይታጠፋል። መፍትሄው በየሳምንቱ ሩብ ዙር ማዞር ነው፤ በግድግዳ ጥግ ከሆነ ደግሞ ግድግዳውን ኖራ መቀባት ይረዳል፣ ነጭ ሁሉንም ቀለም ይመልሳልና።

እዚህ ላይ ከአውሮፓ መመሪያ የተቀዳ አንድ ምክር አለ፦ «ደቡብ ወደሚያይ መስኮት አድርጉት»። አዲስ አበባ ላይ ይህ የሚሠራው በዓመት ለሰባት ወር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ከሚያዝያ መጀመሪያ አንስቶ እስከ ነሐሴ ማብቂያ አካባቢ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፤ ስለዚህ በሰኔና በሐምሌ የሰሜኑ መስኮት ይሻላል። በታኅሣሥ ወደ ደቡቡ መልሱት።

ቤት ውስጥ፣ አምፖል ሥር አላድግ ይላል ወይም ይመዘዛል

ዋሽንግተንም ሆነ ስቶክሆልም አንድ ማሰሮ ወይራ በመስኮት ያስቀመጠ ወገን ይህን ያውቀዋል። ዓይን ያታልላል፤ ብሩህ የሚመስል ሳሎን ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶ ሉክስ (የብርሃን ድምቀት መለኪያ) አይበልጥም፣ የቀትር ፀሐይ ግን ወደ 100,000 ይደርሳል። እዚህ ዋናው ጉድለት መጠኑ ነው፤ ጥራቱ ሁለተኛ ነው። ባለ ክሩ የድሮ አምፖል ነገሩን ያብሰዋል፤ ሙቀትና ሩቅ ቀይ ይረጫል፣ ሰማያዊው ግን እጅግ ትንሽ ነው። ነጭ ኤልኢዲ በአንጻሩ ሰማያዊ አለው፣ ሩቅ ቀይ ግን የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ችግኙን አጠር ደንደን ያደርገዋል። ከጫፉ 30 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት አብሩት። ወይንጠጅ የሚመስለው ቀይና ሰማያዊ አምፖልም ይሠራል፤ ግን በዚያ ቀለም ሥር የቅጠሉን ቢጫነት ማየት ስለማይቻል እኔ ነጩን እመርጣለሁ። በብርድ አገር ክረምት ደግሞ ማሰሮውን ከማሞቂያው አርቁት። ሙቀት በዝቶ ብርሃን ሲያንስ መመዘዙ አይቀርም፤ ወይራ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ቢያርፍ ይወዳል።

ወደ ፀሐይ በወጣ በሳምንቱ ቅጠሉ ይነጣል ወይም ይቃጠላል

በጥላ ያደገ ቅጠል ሰፊና ስስ ነው፤ በጥቂት ብርሃን ለመኖር የተሠራ ነው። በአንድ ቀን ወደ ሙሉ ፀሐይ ሲወጣ የሚቀበለውን ጉልበት ማስተናገድ ያቅተዋል። ደጋው ላይ ደግሞ አልትራቫዮሌቱ ይጨመርበታል፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በፀሐይ ያደገ የወይራ ቅጠል ለዚህ መከላከያ አለው። በጀርባው ያለው ወርቅማ ቡናማ ሽፋን ጥቃቅን ጋሻ መሳይ ፀጉር ነው፤ ጨረሩን ያስቀራል፣ የውሃ ትነትንም ይቀንሳል። የተቃጠለውን ቅጠል አትንቀሉ፣ አዲሱ እስኪወጣ በቀረው አረንጓዴ ይሠራል። መልሳችሁ ጥላ ሥር አግቡትና ማላመዱን ከመጀመሪያው ጀምሩ፦ በመጀመሪያው ሳምንት ዳሱን እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓትና ከ10 ሰዓት በኋላ ብቻ ክፈቱ፤ ከዚያ በየሳምንቱ አንድ ሁለት ሰዓት ጨምሩ።

አንድ ነገር ግን ችግር መስሎ ችግር አይደለም። ሜዳ ላይ ያለ ችግኝ ቅጠሉ ትንሽ፣ ወፍራም፣ አንጓው ቅርብ ለቅርብ ሆኖ «ቀጨጨ» ብላችሁ ብትሰጉ ተዉት። ሰማያዊውና አልትራቫዮሌቱ አሳጥረውታል እንጂ አልታመመም።

ክረምት የተተከለው በጥር ይደርቃል

በቅጠል ጥላ የመጣ ችግኝ ከላይ ብዙ፣ ከታች ጥቂት ነው። ዝናቡ ሲቆም ያ ሁሉ ቅጠል ከዚያች ሥር ውሃ ይጠይቃል። ስለዚህ ማላመዱ ከግንቦት መጀመሪያ ይጀመር፤ በሐምሌ ተከላ ሲደርስ ችግኙ ቢያንስ ለአራት ሳምንት ያለ ዳስ የቆየ ይሁን። ከከረጢቱ የወጣውን ሥርም በዚያው ጊዜ ቁረጡ።

በደረቅ ተዳፋት ላይ ደግሞ ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት ቁጥቋጦውን አትመንጥሩ። ወይራ በተፈጥሮው ብዙ ጊዜ የሚበቅለው እንደ አጋም ካለ እሾሃማ ቁጥቋጦ ሥር ነው፤ ወፍ ፍሬውን በልታ እዚያ አርፋ ትጥለዋለች፣ እሾሁ ከፍየል ይጠብቀዋል፣ ጥላው አፈሩ ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርጋል። «ቅድም የቅጠል ጥላ መጥፎ ነው አላልክም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ብያለሁ፤ ውሃ በሚጠጣ መደብ ላይ። በበጋ ውሃ በማያገኝ ተዳፋት ላይ ግን ጥቂት መመዘዝ ከመድረቅ ይሻላል፤ አጋሙም ቢሆን አጭር ስለሆነ ወይራው በጊዜው ያልፈዋል። ችግኙን ከቁጥቋጦው ጠርዝ፣ የከሰዓቱ ፀሐይ በማያገኘው በምሥራቅ በኩል ትከሉት። ጫፉ ከአጋሙ በላይ ብቅ ሲል በዙሪያው ያለውን ቅርንጫፍ በትንሹ ግረዙለት፤ እሾሁን ከግርጌው አታንሡ፣ ፍየሎቹ ገና አልሄዱም።