ቁልፉን ለማን ልስጥ? ቢሾፍቱ ቤት ላላችሁ የውጭ ነዋሪዎች

ባለፈው ወር ብቻ አራት ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ቢሾፍቱ ቤት አለኝ። ለተከራይ ልስጠው ወይስ እንዳንቺ በቀን ላከራየው?» በስልክ ስመልስ ሁሌም ግማሹን እረሳለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ቤቴ ከባቦጋያ ሐይቅ አሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ነው፤ ባለ ሦስት መኝታ። ድርብ ፈረቃ እየሠራሁ በስምንት ዓመት ነው ያስጨረስኩት። ከ2011 ጀምሮ ለእንግዳ በቀን ይከራያል። የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት ተቃጥያለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ደህና ነኝ። ሁለቱንም እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። በቀን ማከራየት ለእኛ ዓይነት ሰው ይስማማል። ዋናው ምክንያት ገንዘቡ አይደለም፤ ቤቱ የእናንተ ሆኖ መቆየቱ ነው። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ተከራይ ከለላ ማግኘቱ ተገቢ ነው። ግን በዓመት አንዴ ልጆቿን ይዛ ለምትመጣ ሴት አይመችም። ወንድሜ አዳማ ያለውን ቤቱን አከራይቶ፣ አገር ቤት ሲገባ ሆቴል ያድራል። እኔ ቀኑን ዘግቼ በራሴ አልጋ እተኛለሁ።

ሁለተኛ፣ ሰው የማይገባበት ቤት ያረጃል። ቧንቧው ይዝጋል፣ ምስጡ ይገባል፣ ግድግዳው እርጥበት ይስባል። በየሳምንቱ የሚጠረግ፣ መስኮቱ የሚከፈት፣ ውሃው የሚፈስ ቤት ግን ዕድሜው ይረዝማል።

ሦስተኛ፣ እንግዳ አይጠፋም። የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከተከፈተ ወዲህ አዲስ አበቤ ዓርብ ከሥራ ወጥቶ ማታውን ሐይቅ ዳር ነው። መንገዱ ወደ 45 ኪሎ ሜትር ነው። ልደት አለ፣ ሙሽሮች አሉ፣ ከውጭ የመጣ ዘመዱን የሚያዝናና አለ። ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሁድ ኢሬቻ ሆራ አርሰዴ ላይ ሲከበር ከተማው ሞልቶ ይፈስሳል። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት የሰርግ ሳምንታት ቅዳሜ ባዶ አይሆንም። ደግሞ ብሩ በእናንተ ኪስ ብቻ አይቀርም። የምታጸዳው፣ ጥበቃው፣ እንጀራ የምታቀርበው ጎረቤት፣ ሁሉም ያገኝበታል። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ግን አትሳሳቱ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ቤቱ ጭር ይላል። ሁዳዴ ሲገባ የሰርግ እንግዳ የለም። ደላላ በሠላሳ ቀን አባዝቶ የሚነግራችሁን ሒሳብ አትስሙ። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን፣ በዶላር የምትከፍሉትን ብድር በዚህ ኪራይ እከፍላለሁ ብላችሁ አትነሱ። ቤት ገና ለመግዛት የምታስቡም፣ «አቡሴራ አየር ማረፊያ እየመጣ ነው» በሚል ወሬ ብቻ ገንዘብ አትላኩ። ቦታውን ራሳችሁ ሳታዩ፣ ካርታውን መሬት አስተዳደር ሳታጣሩ አይሆንም።

ወረቀቱን በአጭሩ። ዜግነት የቀየራችሁ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ይኑራችሁ፤ በአዋጅ 270/1994 የተሰጠን መብት በቤት ጉዳይ ላይ ዋና ነገር ነው። የንግድ ፈቃድና ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) አውጡ፤ የእንግዳ ማረፊያ እንደ ተራ ኪራይ አይታይም። ግብሩን የሒሳብ ባለሙያ ይሥራላችሁ፤ ለእሱ በወር ክፈሉት። የእያንዳንዱ እንግዳ መታወቂያ ይመዝገብ። በሰዓት የሚከራይ ቤት እንዳይሆን ከመጀመሪያው ቁረጡ፤ ስሙ አንዴ ከወጣ ጎረቤት አይምራችሁም። ሐይቁ ጥልቅ ነው፤ ልጅ ይዞ ለሚመጣ እንግዳ ይህን በጽሑፍ ስጡ።

ውክልና ላይ ግን ቆም በሉ። ቆንስላ ሄዳችሁ ስትፈርሙ ወይም ጸሐፊ ሲያዘጋጅላችሁ፣ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ፣ በዋስትና እንዲያስይዝ» የምትለዋ መስመር እንደ ልማድ ትገባለች። አስወጧት። ቤት ለማስተዳደር አያስፈልግም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2204 ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው ይላል። እስከ ሦስት ዓመት ማከራየትና ገንዘብ መሰብሰብ በዚያ ውስጥ አለ። መሸጥና ማስያዝ በአንቀጽ 2205 ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል። ያንን ልዩ ሥልጣን በገዛ እጃችሁ የምትሰጡት ያቺን መስመር ሳታነቡ ስትፈርሙ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቤቷ በባንክ መያዙን ያወቀችው ሊሸጥ ማስታወቂያ ሲወጣ ነው። ያስያዘው የገዛ ወንድሟ ነበር። ወረቀቱ ደግሞ ሕጋዊ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

ቤቱ ሲያልቅ ቁልፉን ለአክስቴ ልጅ ሰጠሁት። ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፤ ዛሬም ጨዋ ነው እላለሁ። እንግዳ ይቀበላል፣ ገንዘብ ይሰበስባል፣ ያስጠግናል፣ የተረፈውን ለእናቴ ይሰጣል። በየእሁዱ እንደዋወላለን። «ሁሉ ሰላም ነው እታለም፣ አታስቢ» ይለኛል። እኔም አላስብም ነበር።

በ2015 ግንቦት ላይ ቨርጂኒያ ክርስትና ተጠራሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት በጥር አገር ቤት እንደነበረች ታወራኛለች። ስልኳን አውጥታ ፎቶ ታሳየኛለች። «ቢሾፍቱ ሦስት ሌሊት አደርን። ቤቱ እንዴት ደስ እንደሚል አልነግርሽም። ልጁ ራሱ ዓሣ ጠብሶ አበላን።» በፎቶው ላይ ልጆቿ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። የተቀመጡበት ወንበር ሰማያዊ የብረት ወንበር ነው። አንዱ ክንዱ ተሰብሮ በቀይ ብረት ተበይዷል። ያ ወንበር የአባቴ ነው። ሲበየድ በያጁ ዘንድ ቆሜ የጠበቅኩት እኔ ነኝ።

መቼ እንደነበር ጠየቅኳት። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ነው አለችኝ። በዚያ ሳምንት የአክስቴ ልጅ ደውሎልኝ የውሃ ፓምፑ ተቃጥሏል፣ ቤቱን ዘግቼዋለሁ ብሎኝ ነበር። አራት መቶ ዶላር ልኬለታለሁ። ለሴትየዋ ምንም አላልኳትም። ቡናዬ እጄ ላይ በረደ።

አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ አዲስ አበባ አለች። ሄዳ እንድታይልኝ ለመንኳት። ሌባ እንደሚፈልግ ሰው አልሄደችም፤ የመብራት ካርድ ስንት ጊዜ እንደተሞላ ብቻ ጠየቀች። «ባዶ ነበር» በተባልኩባቸው ወራት ካርዱ እየተሞላ ያልቅ ነበር። ባዶ ቤት ያን ያህል መብራት አይበላም። አንሶላ የምታጥበውም ሴት በየሳምንቱ ታጥብ እንደነበር ነገረቻት። ፓምፑ አዲስ አልነበረም።

ደወልኩለት። መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ ያለውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «እታለም፣ አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሁዴን ለቤትሽ ሰጥቻለሁ። አንድ ቀን ደመወዝህ ስንት ይሁን ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

አልጠየቅኩትም ነበር። ጫማ እልክለታለሁ። ለበዓል የተወሰነ ብር እሰጠዋለሁ። ቤተሰብ ነን ብዬ ነው። እሱም ቤተሰብ ነን ብሎ ወሰደ። ይህ የዋሸኝን ውሸት አያነጻውም። ላልተቃጠለ ፓምፕ ብር መቀበል ሌብነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ግን የተናገረው እውነት ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። እኔ ለፈረሱ ልጓምም ገብስም አልሰጠሁትም ነበር።

ከገንዘቡ በላይ የጎዳኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። እናቴ ደወለች። «የእህቴን ልጅ ፖሊስ ጣቢያ ልታቆሚው ነው? እኔስ እህቴን በምን ዓይኔ ልያት?» ሽማግሌ ተቀመጠ። የንስሐ አባታችንም ነበሩበት። በየወሩ ሊከፍል ቃል ገባ፤ አንድ ጊዜ ከፈለ። አክስቴ ለዓመት ያህል እናቴ ቤት አልመጣችም። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ እሁድ እሁድ ቡና አብረው የሚጠጡ ናቸው። እናቴ ሲኒዋን ደርድራ ብቻዋን ስትጠጣ በቪዲዮ አየኋት። ይህን ማንም ሽማግሌ አይክሰውም።

ስለዚህ ምክሬ «ዘመድ አትቅጠሩ» አይደለም። ባዕድም ይሰርቃል፤ ባዕድ ሲሰርቅ ደግሞ የሚጠራ ሽማግሌ የለም። ምክሬ ቁልፍ የያዘ ሰው ገንዘብ አይያዝ ነው።

ዛሬ እንዲህ ነው የምሠራው። ቁልፉ በአንዲት የሰፈር ሴት እጅ ነው። ታጸዳለች፣ እንግዳ ትቀበላለች። እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም በወሩ መጨረሻ ደመወዝዋ ይገባል። በእያንዳንዱ እንግዳ ደግሞ ተጨማሪ አላት፤ ስለዚህ እንግዳ መደበቅ ራሷን ይጎዳታል። ገንዘቡን እንግዳው በስሜ ወዳለው ሒሳብ ራሱ ያስገባል። ከመምጣቱ በፊት ግማሹን፣ ሲገባ ቀሪውን። ደረሰኙን በቴሌግራም ለእኔ ይልካል። ሁለተኛዋ ሰው፣ ገንዘቡንና ቀኑን የምይዘው፣ እኔ ነኝ፤ ሌሊትም ቢሆን መልስ እሰጣለሁ። ሦስተኛው ሰው ዓይን ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ጎረቤት አሉኝ። በወር ሁለት ጊዜ ቤቱን ዞረው ያያሉ፣ የመብራቱን ካርድ ያያሉ፣ ይደውሉልኛል። እሳቸውንም እከፍላቸዋለሁ። መጀመሪያ «ኧረ ተይ ልጄ፣ ለዚች?» አሉኝ። አልተውኩም። በነጻ ለሚሠራው ሥራ ሰውን ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም። ሦስቱ ሰዎች ዘመዳሞች አይደሉም። ይህ የግድ ነው። ቁልፍ የያዘችው ዞሮ የሚያየው ሰው ሚስት ከሆነች ሦስት ሰው አላችሁ ማለት አይደለም።

ደላላ ይኖራል፤ ባመጣው እንግዳ ልክ ይከፈለው። ቁልፍ ግን በፍጹም አይሰጠው። «ቤቱን በዓመት ልያዘውና አንቺ አትልፊ» ካለም እምቢ በሉ። በዓመት ከእናንተ ይዞ በቀን ያከራያል፤ ዕቃው ያለቀ ቤት ይመልስላችኋል።

ዘመድ ካደረጋችሁ ደግሞ የራሱ ገቢ ያለውን ምረጡ። የእናንተን ብር ለዕለት ጉርሱ የማይጠብቅ። ከዚያም በላይ፣ ከዚህ በፊት መጥፎ ዜና ነግሯችሁ የሚያውቅ ይሁን። «ይሄ አያዋጣሽም» ያላችሁን፣ ያስቀየማችሁን እሱን ፈልጉ። የአክስቴ ልጅ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ብርጭቆ ተሰበረ ብሎኝ አያውቅም። እንግዳ የሚያድርበት ቤት ብርጭቆ ሳይሰበርበት አራት ዓመት አይቆይም። ያኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ። አሁን ቁልፍ የያዘችው ሴት ሰኞ ሰኞ ትጽፍልኛለች። «ሁለት ብርጭቆ ተሰብሯል። አንድ ፎጣ ጠፍቷል። የመታጠቢያው ቧንቧ ያንጠባጥባል።» እሷን ሳነብ ደህና እተኛለሁ።

ደመወዙን፣ ገንዘቡ የሚገባበትን፣ ሪፖርቱ መቼ እንደሚላክ ከመጀመሪያው በጽሑፍ አድርጉት። ዘመድ ከሆነ እናታችሁ ባሉበት ይነበብ። «አላመንሽኝም ማለት ነው?» የሚል ይኖራል። ያን ቀን ቢቀየም ይሻላል። ውክልናውን የምትሽሩ ከሆነ ደግሞ በአፍ አይበቃም። በጽሑፍ ሻሩ፤ ለተመዘገበበት ቢሮም አሳውቁ፤ ዋናውን ወረቀት ተቀበሉ።

በዓመት አንዴ ሳትነግሩ ሂዱ፤ ካልቻላችሁ ለአንድ ጓደኛ ክፈሉለትና እንደ እንግዳ ገብቶ ይደር። ፍራሹን፣ ሙቅ ውሃውን፣ ጠዋት ማን ቡና እንደሚያፈላለት ይንገራችሁ።

የአክስቴ ልጅ አሁን አዳማ ሥራ ይዟል። ባለፈው ፋሲካ አክስቴ እናቴ ቤት መጥታለች ተብያለሁ። ስለ ቤቱ ማንም አላነሳም። ሰማያዊው ወንበር አሁንም በረንዳው ላይ ነው። ለእያንዳንዱ እንግዳ ሲገባ አንድ መልእክት እልካለሁ። እንኳን ደህና መጣችሁ፣ በረንዳው ላይ ስትቀመጡ አንድ ፎቶ ላኩልኝ እላለሁ። ብዙዎቹ ይልካሉ። ቀኑን እያየሁ ከደረሰኙ ጋር አስተያየዋለሁ።