አዲስ ቸርኬ ሲገጠም የንፋስ መቆጣጠሪያ ሴንሰር ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

አዲስ ቸርኬ ተገጥሞ መኪናው በወጣ በማግስቱ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫው የጎማ መብራት ቢበራ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ገና ጎማው ቸርኬው ላይ ሳይወጣ ነው። የጎማውን ንፋስ የሚለካው ሴንሰር የሚቀመጠው ከውስጥ፣ የቫልቩ እግር ላይ ነው። ንፋስ ከተሞላ በኋላ የታወሰ ነገር ሁሉ ጎማውን መልሶ መፍታትና እንደገና ባላንስ ማድረግን ያስከትላል።

ዓይነቱን ሳይለዩ ሴንሰር መግዛት

አንዳንድ መኪኖች ጎማው ውስጥ ጭራሽ ሴንሰር የላቸውም። ንፋስ የጎደለው ጎማ ዙሪያው ስለሚያንስ ከሌሎቹ ፈጠን ብሎ ይዞራል፤ ይህንን ልዩነት የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) የፍጥነት መለኪያዎች ያዩታል። ለእነዚህ የሚገዛ ነገር የለም። አራቱንም ጎማ በትክክል ሞልቶ በቁልፉ ወይም በሜኑው ሪሴት ማድረግ ይበቃል። ሳይሞሉ ሪሴት ካደረጉ ግን መኪናው ጎዶሎውን ልክ ነው ብሎ ይመዘግበዋል። ቫልቩን አይቶ መገመትም ያሳስታል፦ ዳዶ ያለው የብረት ቫልቭ የሴንሰር ምልክት ነው፣ ነገር ግን የላስቲክ ቫልቭ ያለው ሴንሰርም አለ።

ፍሪኩዌንሲውን አለማየት

ሴንሰሮች ለመኪናው በሬዲዮ ሞገድ በብዛት የሚያስተላልፉት በ315 ወይም በ433 ሜጋኸርዝ ፍሪኩዌንሲ ነው። ሁለቱ መልካቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ የተሳሳተውን ግን መኪናው ፈጽሞ አይሰማውም። ለሰሜን አሜሪካ የተሠሩ ብዙ መኪኖች 315፣ ለአውሮፓ የተሠሩት 433 ይጠቀማሉ። ወሳኙ መኪናው የተሠራበት ገበያ ነው፤ አሁን የሚነዳበት አገር አይደለም። ከአሮጌው ሴንሰር ላይ የተጻፈውን ማንበብ ከሁሉ ይሻላል።

ያረጀ ሴንሰርን ወደ አዲሱ ቸርኬ ማዛወር

ባትሪው ውስጡ ስለታሸገ አይቀየርም፤ ዕድሜው ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው። 7 ወይም 8 ዓመት የሠራውን ማዛወር ቁጠባ አይደለም፤ ባትሪው ሲያልቅ ጎማው እንደገና ይፈታል። ገና አዲስ ከሆነና ካዛወሩት፣ ጎሚኒውን (የላስቲክ ማሸጊያውን)፣ ሮንዴላውን፣ ዳዶውንና የቫልቩን ልብ (ውስጡ ሆኖ ንፋሱን የሚዘጋውን ትንሽ ክፍል) አብረው ይቀይሩ።

በእጅ ግምት ማጥበቅ

በጣም የሚያሳዝነው ጥፋት ይህ ነው፤ ደህና ሴንሰር በአንድ ዙር ትርፍ ይበላሻል። የአሉሚኒየም ቫልቭ ዳዶ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ብቻ ይፈልጋል፤ ትክክለኛውን ቁጥር የሴንሰሩ አምራች ይሰጣል። በዚያ ልክ ጎሚኒው እኩል ተጨፍልቆ ቀዳዳውን ይዘጋል። ከዚያ ካለፈ ጎሚኒው ይሰነጠቃል ወይም የቫልቩ አንገት ይቆረጣል። ካነሰ ደግሞ ንፋሱ ቀስ እያለ በጎኑ ይወጣል። በንፋስ የሚሠራ መፍቻ እዚህ ቦታ የለውም፤ ትንሿ ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል የምትለካ መፍቻ) ናት የምታስፈልገው።

የቫልቩ ልብም ኒኬል የተለበጠ መሆን አለበት። ተራው የነሐስ ልብ ከአሉሚኒየሙ ጋር እርጥበት ሲያገኝ ዝገት ይፈጥርና ተጣብቆ ይቀራል፤ በጉልበት ሲፈታ ቫልቩ አብሮ ይሰበራል። ክዳኑ በዚሁ ምክንያት ፕላስቲክ ይሁን።

ማሽኑ ላይ ቫልቩን አለመጠበቅ

የጎማውን ጠርዝ ከቸርኬው የሚያላቅቀው አካፋ ቫልቩ አጠገብ ካረፈ ሴንሰሩን ይሰብረዋል። ቫልቩ ከአካፋው በተቃራኒ በኩል ይሁን። ጎማው ቸርኬው ላይ ሲወጣም ጠርዙ ተወጥሮ በሚያልፍበት ቦታ ሴንሰሩ እንዳይገኝ እያዩ ማዞር ነው።

መለያ ቁጥሩን ሳይጽፉ መዝጋት

እያንዳንዱ ሴንሰር የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ መኪናው የሚቀበለው የተመዘገበውን ብቻ ነው። ጎማው ቸርኬው ላይ ከመውጣቱ በፊት የአራቱንም ቁጥር ከቦታው ጋር (ፊት ግራ፣ ፊት ቀኝ እያሉ) ይጻፉ ወይም ፎቶ ያንሱ። ምዝገባው እንደ መኪናው ይለያያል፦ አንዳንዱ ሲነዳ ራሱ ይለያቸዋል፣ አንዳንዱ ቆሞ እያንዳንዱን ጎማ በመቀስቀሻ መሣሪያ ማንቃት ይፈልጋል፣ ሌላው ቁጥሩ በኦቢዲ ሶኬት (የመኪናው የምርመራ መሣሪያ በሚሰካበት) እንዲገባ ይጠይቃል። በፕሮግራም የሚሞሉ ሴንሰሮች የአሮጌውን ቁጥር መቅዳት ስለሚችሉ ምዝገባውን ያስቀራሉ።

መብራቱን በተሳሳተ መንገድ ማንበብ

መኪናው ሲነሣ መብራቱ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ብልጭ ድርግም ብሎ ከዚያ ሳይጠፋ በርቶ ከቀረ፣ የጠፋው የሴንሰር ግንኙነት ነው፤ ንፋስ መጨመር ምንም አይፈይድም። ከመጀመሪያው ሳይርገበገብ ከበራ ግን የጎደለው ንፋስ ነው።

የጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር መሙላት

ያ ቁጥር ጎማው የሚችለው ከፍተኛ የንፋስ መጠን ነው። ለመኪናው የሚሆነው በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ ያለው ነው፤ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ ሙቀት በ5 ወይም 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀንስ ንፋሱ ወደ 1 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይወርዳልና። የአሜሪካ ደንብ መብራቱ እንዲበራ የሚያስገድደው ንፋሱ ከታዘዘው 25 በመቶ ሲጎድል ነው፤ 32 ፒኤስአይ ታዞ 24 ሲደርስ ማለት ነው። በመሃል ያለውን 26ም ሆነ 28 የሚያሳየው በእጅ የተያዘ መለኪያ ነው።