ለትራክ ስሊፐር አዲስ ፍራሽ እንዴት ይመረጣል?

የትራክ ፍራሽ ሱቅ ውስጥ ጋደም ብሎ «ይሄ ይመቻል» በማለት አይመረጥም። መጀመሪያ ልኩ ነው። ቀጥሎ ውፍረቱ። ምቾቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ብዙ ሰው ግን ከምቾቱ ይጀምርና ቅናሽ ላይ ያገኘውን የቤት ፍራሽ ገዝቶ ስሊፐር (ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ያለው መኝታ ክፍል) ውስጥ ሊያስገባው ሲታገል ይውላል፤ መጨረሻ ላይ አንዱ ጠርዝ ግድግዳው ላይ ተቆልምሞ እንደዚያው ይተኛበታል።

አሜሪካ ውስጥ ሎንግ ሆል (ከቤት ርቆ እያደሩ የሚነዳ ጭነት) የሚነዱ ሐበሾች ብዙ ናቸው። ይህን የምጽፈው በተለይ ያገለገለ ትራክ ገዝተው ወይም ከኩባንያ ተረክበው፣ መሃሉ የጎደጎደ ፍራሽ ከቀድሞው ሹፌር ለወረሱት ነው። 11 ሰዓት ከነዳችሁ በኋላ እንደገና መሪ ለመያዝ 10 ሰዓት እረፍት ግዴታ ነው፤ ስሊፐር ላይ ለሁለት ከፍላችሁ ብትወስዱትም አንደኛው ክፍል ቢያንስ 7 ሰዓት እዚያው አልጋ ላይ መሆን አለበት። ሰው ቤቱ ካለው አልጋ ይልቅ እዚህኛው ላይ የሚያድርበት ሌሊት ይበልጣል፣ ግን ለቤቱ ሺህ ዶላር አውጥቶ ለዚህኛው የሚሰስት ሞልቷል።

መጀመሪያ ሜትር

የድሮውን ፍራሽ አትለኩ። ስፖንጅ በጊዜ ብዛት ይለጠጣል፣ ጠርዙም ይሞታል። ከእናንተ በፊት የነበረው ሹፌርም ያልሆነ ልክ ገዝቶ ሊሆን ይችላል። ፍራሹን አውጡና የተነጠፈበትን ጣውላ ራሱን ለኩ። ርዝመቱን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በኋላ በኩልም በፊት በኩልም ለኩ፣ ምክንያቱም ሁለቱ ሁልጊዜ እኩል አይደሉም። ስፋቱን ደግሞ በሁለቱ ጫፍና መሃል ላይ፣ ሦስት ቦታ ለኩ። ከሁሉም ትንሹን ቁጥር ያዙ።

ማዕዘኖቹን እዩ። አንዳንድ ስሊፐር ማዕዘኑ ክብ ነው ወይም ቁምሳጥኑ ወደ አልጋው ገባ ይላል። እንዲህ ከሆነ ትልቅ ካርቶን አንጥፋችሁ ቅርጹን በእርሳስ አስምሩና ቁረጡት። ካርቶኑ ቦታው ላይ በትክክል ከተቀመጠ ልካችሁ እሱ ነው፤ የተለየ ቅርጽ የሚቆርጥ ፍራሽ ሠሪ ጋ ስትሄዱ ይዛችሁት የምትሄዱትም እሱን ነው።

«ካስኬዲያ ነው የምነዳው» ብሎ ማዘዝ አይበቃም። ፍሬይትላይነር ካስኬዲያ ባለ 48፣ ባለ 60 እና ባለ 72 ኢንች ስሊፐር አለው። ኬንዎርዝ ቲ680ም እንዲሁ ባለ 40፣ ባለ 52 እና ባለ 76 ኢንች ነው። ቁጥሩ የመኝታ ክፍሉ ጥልቀት እንጂ የፍራሹ ልክ አይደለም። ስሙ አንድ ሆኖ አልጋው ይለያያል።

ገበያ ላይ ለትራክ ተብለው በብዛት የሚሸጡት 32 በ79፣ 36 በ80፣ 38 በ80 እና 42 በ80 ኢንች ናቸው። የቤት ትዊን (የአንድ ሰው ፍራሽ) 38 በ75 ነው። 5 ኢንች ያጥራችኋል፣ በዚያች ክፍተት ትራስም ስልክም ሲገባ ነው የሚያድረው። ረዘም ያለው ትዊን ኤክስኤል ግን 38 በ80 ስለሆነ፣ ቦታችሁ 38 ኢንች ከሆነ «ለትራክ» የሚል ጽሑፍ ሳትፈልጉ ከማንኛውም ፍራሽ ቤት መግዛት ትችላላችሁ። አንዳንዴ ዋጋውም ይሻላል።

ውፍረቱ ላይ አትቸኩሉ

ወፍራም ሁሉ ጥሩ ይመስላል። ትራክ ውስጥ ግን አይደለም።

የፌዴራሉ የጭነት መኪና ደንብ ስለ ፍራሹም ይናገራል። የስፖንጅ ፍራሽ ቢያንስ 4 ኢንች ውፍረት እንዲኖረው ያዛል። ከፍራሹ አናት እስከ ላይ ያለው ክፍት ቦታ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1975 ወዲህ በተገጠሙ ስሊፐሮች ከ24 ኢንች ማነስ የለበትም። የሚለካው ከጣውላው ሳይሆን ከፍራሹ አናት መሆኑን ልብ በሉ። ስለዚህ ላይኛው አልጋ ላይ 10 ኢንች ፍራሽ ስትጭኑ ከአፍንጫችሁ በላይ ያለውን ቦታ እየበላችሁ ነው።

ሌላው መታጠፉ ነው። ላይኛው አልጋ ወደ ግድግዳው ታጥፎ በቀበቶ ወይም በመቆለፊያ የሚያዝ ከሆነ፣ ወፍራም ፍራሽ አላዘጋ ይለዋል። ታችኛው አልጋ ስሩ ዕቃ ማስቀመጫ ካለውም፣ ጣውላውን ባነሳችሁ ቁጥር ፍራሹንም አብራችሁ ነው የምታነሱት። ሰንሰለትና መሣሪያ በየቀኑ ከዚያ የሚያወጣ ሰው የፍራሹን ክብደት በወገቡ ይከፍላል።

ቲም (ሁለት ሆናችሁ በፈረቃ) የምትነዱ ደግሞ ጓደኛችሁ ሲነዳ የምታስሩትን መረብ ወይም ቀበቶ አስቡ። መረቡ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ተወርውራችሁ እንዳትወጡ የተሠራ ነው፤ ደንቡ 6,000 ፓውንድ ጉልበት እንዲችል ይጠይቃል። ፍራሹ በጣም ከፍ ካለ የተኛው ሰው ከመረቡ በላይ ይቀራል። አዲሱን ፍራሽ ካነጠፋችሁ በኋላ ተኝታችሁ መረቡን እሰሩትና እዩት፣ አንድ ደቂቃ የማይወስድ ነገር ነው።

የእኔ ምርጫ ታች 6 ኢንች፣ ላይ 4 ወይም 5 ነው። ኪሎው ከበድ ያለና በጎኑ የሚተኛ ሰው ታች 8 ቢያደርግ አይፈረድበትም፣ ቦታው ከፈቀደ። ከዚያ በላይ ያለው ግን ለሥዕል ነው።

ከምን የተሠራ?

ስፕሪንግ ደንቡ ይፈቅዳል፣ እኔ ግን አልመክርም። አይታጠፍም፣ በትራክ በር አስገብቶ በመቀመጫዎቹ መሃል ማሳለፍ ፈተና ነው፣ መንገዱ ሲከፋም ያነጥራል። ትራኩ ሲቆም ብቻ ለሚተኛ ብቸኛ ሹፌር ይሁን እንበል። ለቲም ግን ምኑ ነው?

ሜሞሪ ፎም (የሰውነትን ቅርጽ የሚይዝ ስፖንጅ) ንዝረትን ይውጣል፣ ትከሻንም አይወጋም። ችግሩ የአየር ጠባይ ነው። ሲቀዘቅዝ ይደድራል፣ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ጥር ላይ ሚኒሶታ ሞተር አጥፍታችሁ ስትመለሱ የምትጋደሙት እንጨት ላይ ነው የሚመስላችሁ፣ እስኪሞቅ ድረስ። ማሞቂያ ወይም ኤፒዩ (ዋናው ሞተር ጠፍቶ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ የሚያሠራ ትንሽ ሞተር) ያለው ሰው ብዙም አይሰማውም። ሞተር አስነስቶ ማደር በተገደበባቸው እንደ ካሊፎርኒያ ባሉ ቦታዎች ግን በበጋ ደግሞ ሙቀቱን አቅፎ ያሳድራችኋል።

ላቴክስ (ከጎማ የሚሠራ ስፖንጅ) በብርድም በሙቀትም እምብዛም አይለዋወጥም፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ውድ ነው፣ በጣም ከባድም ነው። ዕቃ ማስቀመጫው ላይ የሚነሳ አልጋ ካላችሁ ተዉት።

ለአብዛኛው ሰው የሚበጀው ከስር ጠንከር ያለ፣ በደንብ የታመቀ ተራ ስፖንጅ፣ ከላይ 1 ወይም 2 ኢንች ለስላሳ ነገር ያለው ነው። በጎናችሁ የምትተኙ ከሆነ የላዩ ይለስልስ፣ ትከሻና ዳሌ እንዲሰምጥ። በጀርባ ወይም በሆድ የሚተኛ ጠንከር ያለውን ይውሰድ። ወገቡን የሚያመው ሰው «ጠንካራ ፍራሽ ነው መድኃኒቱ» እየተባለ ድንጋይ ይሸጥለታል፤ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ነው ለብዙዎች የሚስማማው።

ሻጩ የማይነግራችሁን ክብደት ይነግራችኋል

ሁሉም ማስታወቂያ «ምርጥ ጥራት» ነው የሚለው። ስፖንጅ ቶሎ ይጎድጉድ አይጎድጉድ የሚወስነው ግን እምቀቱ ነው፤ አንድ ኪዩቢክ ጫማ ስፖንጅ ስንት ፓውንድ ይመዝናል የሚለው። ቁጥሩን ካልጻፉት ራሳችሁ አስሉት። ርዝመት፣ ስፋትና ውፍረቱን በኢንች አባዙና ለ1,728 አካፍሉ። ለምሳሌ 42 በ80 በ6 ኢንች ፍራሽ 11.7 ኪዩቢክ ጫማ ገደማ ይሆናል። ኦንላይን ላይ የሚጻፈውን የፍራሹን ክብደት ለዚህ አካፍሉት።

18 ፓውንድ ነው ካለ፣ እምቀቱ 1.5 ገደማ ነው፤ ከሽፋኑና ከካርቶኑ ደግሞ የተወሰነ ተቀናሽ አለ። እንዲህ ያለው በየቀኑ ለሚተኛበት ሰው ቶሎ ይሞታል። ተራ ስፖንጅ ከሆነ 30 ፓውንድ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ሲመዝን እምቀቱ 2.5 ይጠጋል፣ ይሄ ደህና ነው። ሜሞሪ ፎም በባሕሪው ስለሚከብድ ከእሱ 4 እና ከዚያ በላይ ጠብቁ። ፍራሹ ብዙ ድርብ ካለው ሒሳቡ አማካይ ነው የሚሰጣችሁ፣ ቢሆንም ሁለት ፍራሽ ለማወዳደር ይበቃል። ሱቅ ገብቶ በጡጫ ከመጫን በብዙ ይሻላል።

ሽፋኑን ከመክፈታችሁ በፊት

አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ፍራሽ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2007 ጀምሮ የነበልባል ፈተና ማለፍ አለበት። ርካሽ አምራቾች ይህን የሚያሟሉት አንዳንዴ ከሽፋኑ ስር የፋይበርግላስ ጨርቅ በማልበስ ነው። ተዘግቶ እስካለ ችግር የለውም። ዚፑን ከፍታችሁ ሽፋኑን ልታጥቡ ስታወጡት፣ ወይም ማዕዘኑን ልትቆርጡ ቢላ ስታስገቡ ግን ደቃቅ የመስታወት ብናኝ ይወጣል። ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ እንደ ስሊፐር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ መጋረጃና መቀመጫ ላይ ከገባ በኋላ ማጽዳቱ መከራ ነው።

ስለዚህ የተሰፋበትን ምልክት አንብቡ። ፋይበርግላስ ወይም የመስታወት ክር የሚል ካለ አትቁረጡት፣ ሽፋኑንም አታውልቁት። ማዕዘን መቁረጥ የግድ ከሆነባችሁ ተቆርጦ እንዲመጣ እዘዙ፤ በራሴ እቆርጣለሁ ካላችሁ ደግሞ ባዶ የስፖንጅ ቁራጭ ግዙና ሽፋኑን ለብቻ አሰፉለት። ስፖንጅ በኤሌክትሪክ የዳቦ ቢላ ንጹሕ ሆኖ ይቆረጣል፤ ከልኩ ግማሽ ኢንች ያህል አስበልጡት፣ ተጨቁኖ ሲገባ አይንሸራተትም።

ያገለገለ ፍራሽ አትግዙ። ትኋን ከገባ ትራኩም፣ ከዚያ ቤታችሁም ነው።

ማስገባትና ማንጠፍ

ተጠቅልሎ በካርቶን የሚመጣ ፍራሽ በበር ለማስገባት ይቀላል። ግን እዚያው ስሊፐር ውስጥ ከፍታችሁ አትተኙበት፣ አዲስ ስፖንጅ ሽታ አለው፣ ካቢኑም ጠባብ ነው። ቤት ወይም ጋራዥ ውስጥ ክፈቱት፣ አንድ ሁለት ቀን አየር ያግኝ፣ እስከዚያም ሙሉ ውፍረቱን ይይዛል። ከዚያ መልሳችሁ ጠቅልላችሁ በሁለት የዕቃ ማሰሪያ ቀበቶ ጥፍር አድርጋችሁ እሰሩት። የተሳፋሪውን ወንበር ወደፊት ግፉ፣ በዚያ በኩል አስገቡት። ሁለት ሰው ቢሆን ጥሩ ነው፤ 6 ኢንች ስፖንጅ ግን እየታገለም ቢሆን አንድ ሰው ያስገባዋል።

ከማንጠፋችሁ በፊት ጣውላውን እዩ። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው። ከላይ የሞቀ ሰውነት፣ ከስር የቀዘቀዘ ጣውላ ወይም ብረት አለ፤ ላባችሁና ትንፋሻችሁ ፍራሹን አልፎ እዚያ ሲደርስ ውሃ ይሆናል። አጽዱት፣ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ፍራሹን ከጣውላው ትንሽ ከፍ የሚያደርግ አየር አሳላፊ ነገር ከስር አንጥፉ። ጀልባ ላይ የሚያድሩ ሰዎች ይሄው ችግር ስላለባቸው፣ የጀልባ ዕቃ የሚሸጡ ቤቶች መረብ የመሰለ የፍራሽ ስር ምንጣፍ አላቸው፤ ለትራክም እሱኑ ቆርጦ መጠቀም ይቻላል። ምንም ካላገኛችሁ ቢያንስ ቤት በገባችሁ ቁጥር ፍራሹን በጎኑ አቁሙት።

ከላይ ውሃ የማያስገባ መከለያ የግድ ነው። አብዛኞቻችን ምግባችንን እዚያው አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለን ነው የምንበላው፣ ስፖንጅ ውስጥ የገባ ወጥ ደግሞ አይወጣም። በመከለያውና በአንሶላው መሃል ጥጥ ነገር ጣል ብታደርጉ ላቡን ይይዘዋል፤ አሮጌ ጋቢ ለዚህ ሥራ የሚወዳደረው የለም።

ስለ ደረሰኙና ስለ ድሮው ፍራሽ

የመመለሻ ደንቡን ሳትገዙ አንብቡ። የተቆረጠ ወይም በልክ የታዘዘ ፍራሽ ብዙ ጊዜ አይመለስም። ኦውነር ኦፕሬተር (የራሳችሁን ትራክ የምትነዱ) ከሆናችሁ ደረሰኙን ለአካውንታንታችሁ አስቀምጡ፣ ለሥራ የወጣ ወጪ ነውና። የኩባንያ ትራክ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ጠይቁ፤ አንዳንዱ ራሱ ይቀይርላችኋል፣ አንዳንዱም የድሮውን ጥላችሁ ትራኩን ስትመልሱ ይጠይቃችኋል። ትራክ የመቀየር ሐሳብ ካላችሁ ውድ ፍራሽ አሁን አትግዙ፣ የሚቀጥለው ስሊፐር ልኩ ሌላ ሊሆን ይችላል።

የድሮውን ትራክ ስቶፕ ጥጋት ላይ ጥላችሁ እንዳትሄዱ፣ ያስቀጣል። ካሊፎርኒያ፣ ኮኔቲከት፣ ሮድ አይላንድ እና ኦሪገን ውስጥ ፍራሽ ሲገዛ በሚከፈል መዋጮ የሚንቀሳቀስ መልሶ መጠቀሚያ ፕሮግራም ስላለ የሚቀበሉ ቦታዎች አሉ። ሌላ ስቴት ያላችሁ የከተማችሁን ቆሻሻ ማስወገጃ ደውላችሁ ጠይቁ፣ በክፍያም ቢሆን ይወስዱታል።