የድሮ የድራግ ውድድር ትዝታን ሲቀዱ የመደብ ደንቡን ማመሳከር

በአሜሪካ በሩብ ማይል ቀጥታ መንገድ ላይ በመኪና ሲሽቀዳደሙ (ድራግ የሚባለው ይህ ነው) የኖሩ አዛውንቶችን ትዝታ ለመቅዳት የተነሣ ሰው ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ስለ ፍጥነት ሳይሆን ስለ ዓመቱ ነው። በ1951 (በፈረንጆች አቆጣጠር) የተመሠረተው የአሜሪካ ብሔራዊ የሆት ሮድ (ለፍጥነት የተሻሻለ መኪና) ማኅበር የውድድር ደንቡን ደጋግሞ ስላሻሻለ፣ ያው መኪና ዘንድሮ በአንድ መደብ፣ ለከርሞ በሌላ ሊገኝ ይችላል።

ቀጥሎ የቆየ ፎቶግራፍ እንዲያወጡ ይለምኗቸውና በመስኮቱ ላይ በነጭ የጫማ ቀለም የተጻፈውን የመደብ ፊደል አጥርተው ያንብቡ። ቤንዚን ለሚያቃጥሉ መኪናዎች በተዘጋጁት የጋዝ መደቦች ፊደሉን የሚወስነው የመኪናው ክብደት በፓውንድ ለሞተሩ መጠን በኪዩቢክ ኢንች ተካፍሎ የሚገኘው ውጤት ነበር፤ 3,000 ፓውንድ የሚመዝን፣ 300 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ያለው መኪና 10 ያገኛል። ስሌቱን ከባለታሪኩ ጋር አብረው ይሥሩት። ወደሚፈልጉት መደብ ለመግባት ከኋላ ምን ክብደት እንደጫኑ ያን ጊዜ ትዝ ይላቸዋል፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደውም ይህን ክፍል ነው።

በ1960 ናይትሮሜቴን (ከቤንዚን የበለጠ ኃይል የሚሰጥ የውድድር ነዳጅ) አቃጥያለሁ የሚልዎትን ተሳስተዋል ብለው አይቸኩሉ። ማኅበሩ ከ1957 ጀምሮ ለዓመታት ቢከለክለውም፣ ለደንቡ ያልተገዙ ሜዳዎች ይፈቅዱት ስለነበር የሜዳውን ስም ይጠይቁ።

ፕሮ ስቶክ የተባለው፣ የፋብሪካ መኪና መልክ ያላቸው መኪናዎች የሚወዳደሩበት መደብ በ1970 ሲጀመር ለአንድ ኪዩቢክ ኢንች 7 ፓውንድ ይጠየቅ ነበር፤ በ1972 ግን ለትንንሽ ሞተሮች ቀለል ያለ ክብደት ተፈቀደና ተወዳዳሪው ቢል ጄንኪንስ ቬጋ በተባለችው ትንሽ የሼቭሮሌት መኪና የማኅበሩን የዊንተርናሽናልስ ውድድር አሸነፈ። በትልቅ ሞተር ይወዳደሩ የነበሩት ስለዚያ ዓመት ሲናገሩ አያቋርጧቸው።