በማታውቁት ከተማ ስፖርት ባር ገብታችሁ ኳስ ስታዩ ከነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ለሥራም ይሁን ለጉብኝት ሌላ ከተማ ሄዳችኋል እንበል። ቡድናችሁ የሚጫወትበት ቀን ደረሰ። ሆቴል ክፍል ተቀምጦ በስልክ ማየት አንጀት አያርስም፤ ኳስ ከሰው ጋር ሲታይ ነው ደስ የሚለው። የአንድን ከተማ ሰው ለመተዋወቅም ከስፖርት ባር የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም። ግን ምሽቱን የሚያበላሹ ስህተቶች አሉ፤ አብዛኞቹ የሚሠሩት ገና ጨዋታው ሳይጀመር ነው።

«ስክሪን ካለ ጨዋታው አለ» ብሎ መሄድ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ግድግዳው በሙሉ በቴሌቪዥን የተሞላ ቤት እንኳ የእናንተን ጨዋታ ላያሳይ ይችላል። የማስተላለፍ መብት በየአገሩ ለየብቻ ነው የሚሸጠው። መብቱን የገዛው ጣቢያ ባሩ የማይከፍልበት ከሆነ ጨዋታው እዚያ ቤት የለም።

ከሁሉም የሚገርመው እንግሊዝ ነች። እዚያ በመደበኛው የውድድር ዘመን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የሊግ ጨዋታ በቴሌቪዥን በቀጥታ አይተላለፍም። ደንቡ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ነው። ሰው ቤቱ ከመቀመጥ ወደ ስታዲየም፣ በተለይ ወደ ትናንሾቹ ክለቦች ሜዳ እንዲሄድ ታስቦ የወጣ ነው። ስለዚህ የቀረው ዓለም በቀጥታ የሚያየውን የፕሪምየር ሊግ ጨዋታ ለንደን መሃል ያለ ፐብ (መጠጥ ቤት) ላያሳያችሁ ይችላል። ይህን ሳያውቅ የሚሄድ ብዙ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቀደም ብላችሁ ደውሉ፣ ወይም ጎራ ብላችሁ ጠይቁ፦ ጨዋታውን ታሳያላችሁ? በየትኛው ስክሪን? ድምፁስ ይከፈታል? ሦስተኛውን ጥያቄ አብዛኛው ሰው ይረሳዋል። ሁለት ሦስት ጨዋታ በአንድ ጊዜ ሲኖር ድምፅ የሚከፈተው ለአንዱ ብቻ ነው፤ ያም ብዙውን ጊዜ የከተማው ቡድን ጨዋታ ነው። እዚያ ከደረሱ በኋላ ጣቢያውን ቀይሩልኝ ማለት ደግሞ የቤቱን ደንበኞች ያስቀይማል። እንግዳ ናችሁና አታድርጉት።

ሰዓቱን በግምት ማስላት

«የሰዓት ልዩነቱን አውቀዋለሁ» የሚል ሰው በተለይ በማርች ወር ይሳሳታል። አሜሪካ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት የምታዞረው በማርች ሁለተኛው እሑድ ነው፤ አውሮፓ ደግሞ በወሩ የመጨረሻ እሑድ። በመሃል ባሉት ሳምንታት በኒውዮርክና በለንደን መካከል ያለው ልዩነት ከ5 ሰዓት ወደ 4 ይወርዳል። ከቻምፒየንስ ሊግ ጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች የተወሰኑት የሚካሄዱትም በዚሁ ወር ነው። ስሌቱ በአንድ ሰዓት ከተሳሳተ ወይ ቀድማችሁ ደርሳችሁ ትጠብቃላችሁ፣ ወይ ዘግይታችሁ የመጀመሪያው አጋማሽ ያልፋችኋል። ጨዋታው የሚደረግበትን ከተማ ስልካችሁ ላይ ካለው የዓለም ሰዓት ውስጥ ጨምሩት፤ በቃ።

ማሊያ ለብሶ ዝም ብሎ መግባት

ይሄኛው ከመከፋት አልፎ ለአደጋም ሊዳርግ ይችላል። የስኮትላንዷን ከተማ ግላስጎውን ውሰዱ። በሁለቱ የከተማዋ ክለቦች፣ በሴልቲክና በሬንጀርስ፣ ደጋፊዎች መካከል ያለው ፉክክር ከኳስ አልፎ ሃይማኖትና ፖለቲካ የገባበት የቆየ ጉዳይ ነው። በዚያች ከተማ የክለብ ማሊያ የለበሰን ሰው የማያስገቡ ፐቦች አሉ። እንግሊዝ ውስጥም በጨዋታ ቀን ስታዲየም አካባቢ ያሉ አንዳንድ ፐቦች የሚያስገቡት የባለሜዳውን ደጋፊ ብቻ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። ጠባቂው አይቻልም ካለ አትከራከሩ፤ ሌላ ቤት ፈልጉ።

ቡድናችሁን ደብቁ አልልም። ትልልቅ ክለቦች በየአገሩ ዕውቅና የሰጧቸው የደጋፊ ማኅበራት አሏቸው፤ ብዙዎቹም ጨዋታ የሚያዩበት ቋሚ ቤት አላቸው። ዝርዝራቸው ብዙ ጊዜ በክለቡ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። እኔ ብጠየቅ ከሁሉም በፊት የምመክረው ይህን መፈለግ ነው። ማሊያችሁን ለብሳችሁ ገብታችሁ ከማታውቁት ሰው ጋር ተቃቅፋችሁ ጎል የምታከብሩት እዚያ ነው።

ፊሽካው ሊነፋ ሲል መድረስ

ደርቢ ወይም የፍጻሜ ጨዋታ ከሆነ ቦታ ያስይዙ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የማያስይዙ ከሆነ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ድረሱ። ባዶ ያያችሁት ወንበር የዘወትር ደንበኛ ቦታ ሊሆን ስለሚችል ከመቀመጣችሁ በፊት አስተናጋጁን ጠይቁ። ቆማችሁ የምታዩ ከሆነ ደግሞ ከኋላችሁ የተቀመጠውን ሰው እንዳትጋርዱ።

ጎሉን ከስልክ አይቶ ቀድሞ መናገር

በኢንተርኔት የሚመጣ ምስል ከሜዳው በብዙ ሰከንዶች ሊዘገይ ይችላል። ስልካችሁ ላይ «ጎል» የሚል መልእክት ሲደርስ ስክሪኑ ላይ ተጫዋቹ ገና ኳሷን እየገፋ ሊሆን ይችላል። ያኔ «ገባ!» ብላችሁ ብትጮኹ የቤቱን ሰው ሁሉ ደስታ ነጠቃችሁ። ኳስ ለሚወድ ሰው ይህ ቀላል በደል አይደለም። የውጤት ማሳወቂያውን አጥፉትና ስልኩን ኪስ ውስጥ ክተቱት።

ሂሳብ፣ መታወቂያ፣ መመለሻ

ሂሳብ በየትዕዛዙ ነው ወይስ በመጨረሻ የሚከፈለው? ካርድ ይቀበላሉ? ይህን ስትገቡ ጠይቁ፤ ሁሉም ሰው በአንዴ ሲነሳ አስተናጋጅ ማግኘት ከባድ ነው። መታወቂያም አትርሱ። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ አልኮል ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ደግሞ ፓስፖርት ሊጠየቅ ይችላል። መጠጣችሁን ጥላችሁ አትሂዱ፤ ከማታውቁት ሰው ጋርም በገንዘብ አትወራረዱ።

መመለሻችሁን ስታስቡ በ90 ደቂቃ ብቻ አታስሉ። የጥሎ ማለፍ ጨዋታ 30 ደቂቃ ሊጨመርበት ይችላል፤ ከዚያም ፍጹም ቅጣት ምት አለ። የመጨረሻው ባቡር ወይም አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ቀድማችሁ እዩ። የሆቴሉን አድራሻም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ፤ ስልኩ ባትሪ ቢጨርስ ለታክሲ ሹፌሩ የምታሳዩት እሱን ነው።